የሻህ ታንኮችና የሕዝብ ዕዳ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባ የተሰጠኝ ርእስ የጦር መሣሪያ ንግድ ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ልዳስስ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ ሰዓቱ ያልቅብኛል። ስለዚህ አንድ ዕቃ፣ አንድ ሻጭና አንድ ገዢ ብቻ መርጬ ቀርቤአለሁ። ዕቃው «ቺፍቴን» የሚባለው የእንግሊዝ ከባድ ታንክ ነው፤ ሻጩ የእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ ገዢው የኢራን ንጉሠ ነገሥት የነበሩት ሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪ ናቸው። የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ የተሰጠው በ1971 ሲሆን የመጨረሻው ሒሳብ የተዘጋው በ2022 ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት የቆየ ሒሳብ ማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምቈጥረው በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ጉዳዩ የሩቅ አገርና የቆየ ዘመን ታሪክ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ነገ ወደ አገሩ ተመልሶ በገንዘብ ሚኒስቴር ወይም በመከላከያ፣ በባንክ ወይም በፍርድ ቤት የሚሠራ ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን ወፍራም የውል ሰነድ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥለትና «እዚህ ላይ ፈርም» ይባላል። ያን ቀን ምን እንደሚፈርም እንዲያውቅ ካሁኑ ቢያስብበት ይሻላል።

የምለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ታንክ መግዛት በሬ እንደ መግዛት አይደለም። በሬ የገዛ ገበሬ ዋጋውን ከፍሎ፣ ገመዱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይነዳል፤ ከሻጩ ጋር የነበረው ጉዳይ እዚያው ገበያው ላይ ያልቃል። ታንክ የገዛ መንግሥት ግን ዕቃውን ወስዶ ገመዱን በሻጩ እጅ ትቶ ይሄዳል። መለዋወጫው፣ ጥይቱ፣ ጥገናው፣ አስተማሪው፣ ለሦስተኛ ሰው ለመስጠት የሚያስፈልገው ፈቃድ ሁሉ በሻጩ እጅ ነው። ቆይቶም ገመዱ ሻጩን ራሱን ይጠልፈዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ውሉን የሚፈርሙት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ ፈራሚዎቹ ከሥልጣን ወርደው፣ ተሰደው ወይም ሞተው ሳለ ዕዳው ሳይሞት ለሕዝብ መቅረቱ ነው። አባቶቻችን «ዕዳ ከሜዳ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በመጀመሪያ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ እንመልከት። ብዙዎቻችን የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሲባል በጨለማ የሚሠራ አንድ ክፉ ሰው ይታየናል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ነጋዴው መንግሥት ራሱ ነው። በ1966 የእንግሊዝ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ዴኒስ ሂሊ በሚኒስቴራቸው ውስጥ የመከላከያ ሽያጭ ድርጅት አቋቋሙ፤ በላዩም ላይ ከግል ኩባንያ የመጣ የንግድ ሰው ሾሙበት። ይህን ያደረገው የሠራተኛው ፓርቲ መንግሥት መሆኑን ልብ በሉ። ምክንያቱ የሒሳብ ነበር። አንድን ታንክ ከወረቀት ሥዕል አንሥቶ ለጦር ሜዳ እስኪደርስ ድረስ የሚጠይቀው የምርምር ገንዘብ ብዙ ነው። የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት የሚፈልገው ቺፍቴን በጠቅላላው 900 ያህል ብቻ ነበር። ይህ ተሠርቶ ሲያልቅ በሊድስ ከተማ ያለው የመንግሥት ፋብሪካና በኒውካስል ያለው የቪከርስ ፋብሪካ ምን ይሠራሉ? ሠራተኛውስ የት ይሄዳል? የውጭ ገዢ ከተገኘ ግን ፋብሪካው አይዘጋም፤ የምርምሩም ወጪ ይከፋፈላል። ስለዚህ ሽያጩ ለመንግሥቱ ትርፍ ብቻ ሳይሆን የራሱን ጦር በርካሽ የማስታጠቂያ ዘዴ ሆነ።

ቺፍቴን በዚያን ጊዜ ከነበሩት ታንኮች ሁሉ ትልቅ መድፍ ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ክብደቱ 55 ቶን ያህል፣ መድፉ 120 ሚሊሜትር፣ የፊት ብረቱም እጅግ ወፍራም ነበር። ጉድለቱ ሞተሩ ላይ ነበር። ብዙ ዓይነት ነዳጅ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራው ኤል 60 የተባለው ሞተር ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ስለነበር ሾፌሮቹንም መካኒኮቹንም ያማርር ነበር። በአውሮጳ አየር ያስቸገረ ሞተር በበረሃ ሙቀትና አቧራ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ገዢም በቀላሉ አልተገኘም። የመጀመሪያዋ ተስፈኛ እስራኤል ነበረች። ሁለት ቺፍቴኖች ወደዚያ ተልከው በበረሃ ተፈተኑ፤ የእስራኤል መኮንኖችም ታንኩን ለማሻሻል ምክራቸውን ሰጡ። ይሁን እንጂ በ1969 የእንግሊዝ መንግሥት ከዐረብ አገሮች ጋር ያለውን ግንኙነት መዝኖ «አንሸጥም» አለ። እስራኤላውያን ከዚያ ትምህርት ወስደው በጄኔራል እስራኤል ታል መሪነት የራሳቸውን ታንክ ለመሥራት ተነሡ፤ መርካቫ የተባለው ታንክ በ1979 ለጦራቸው ተሰጠ። ሊቢያም በንጉሥ ኢድሪስ ዘመን ቺፍቴን አዝዛ ነበር፤ በሴፕቴምበር 1969 ንጉሡ በመኮንኖች ሲገለበጡ ያ ትእዛዝ ሳይፈጸም ቀረ። እንግዲህ ሻጩ ገና ከጅምሩ ሁለት ነገር ማየት ይችል ነበር። አንደኛ፣ ሻጭ በፈለገ ጊዜ «አይሆንም» ማለቱ ገዢውን እንደሚያስቀይም፤ ሁለተኛ፣ ከንጉሥ ጋር የተፈረመ ውል ንጉሡ የወደቀ ቀን ምን እንደሚሆን። አየ፤ ነገር ግን ፋብሪካው ሥራ ይፈልግ ነበርና አለፈው።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። እንግሊዝ በጃኑዋሪ 1968 ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጦሯን እስከ 1971 መጨረሻ እንደምታወጣ አስታወቀች። ሻህ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የአካባቢው ዘበኛ ለመሆን ፈለጉ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰንም በሜይ 1972 ቴህራን ድረስ ሄደው ይህን ምኞታቸውን አጸኑላቸው። በ1971 ሻህ 707 ቺፍቴኖች አዘዙ። ከዚያም የ1973 መጨረሻ ደረሰ፤ በዲሴምበር ወር ነዳጅ አምራቾች ቴህራን ላይ ተሰብስበው የአንዱን በርሜል ዋጋ ከ5 ዶላር ከ12 ሳንቲም ወደ 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም ከፍ አደረጉት። በአንድ ሌሊት የኢራን ግምጃ ቤት በእጥፍ ሞላ። እንግሊዝ ግን በተቃራኒው በገንዘብ እጦት ተጨነቀች፤ በ1974 ኢራን ለእንግሊዝ የመንግሥት ድርጅቶች 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለማበደር ተስማማች። የትናንቱ ጌታ ተበዳሪ፣ የትናንቱ ደጅ ጠኚ አበዳሪ ሆነ።

ሻህ በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን ትልቅ ትእዛዝ ሰጡ። የሞተሩን ጉድለት ስላወቁ የተሻለ ታንክ እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ተሠራላቸውም። አዲሱ ታንክ «ሺር» ተባለ፤ በፋርስኛ አንበሳ ማለት ነው። ሮልስ ሮይስ የሠራው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጠመለት። ሺር 1 የተባለው 125፣ ሺር 2 የተባለው 1,225 ታዘዘ። ሺር 2 ቾብሃም የተባለውን በምስጢር የተጠበቀ አዲስ ጥሩር እንዲለብስ ተወሰነ። እስቲ ይህን አስቡት፤ የእንግሊዝ ወታደር ራሱ ገና ያላገኘው ጥሩር ለውጭ ንጉሥ ሊሸጥ ተዘጋጀ። ቀደም ብሎ ከተሻሻለው ቺፍቴን ጋር ተደምሮ የሁለተኛው ዙር ውል ከ1,500 የሚበልጡ ታንኮችና 250 ያህል የመጠገኛ ተሽከርካሪዎች ሆነ፤ ዋጋውም 650 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። የመጀመሪያውን 707 ብንጨምርበት ሻህ ያዘዙት ከ2,200 በላይ ይሆናል። ታንኩን ለፈጠረችው አገር ጦር 900 ሲበቃ፣ ለገዢው ከእጥፍ በላይ አስፈለገው ማለት ነው።

ለማን አስፈለገው? እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በ1976 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የኢራን ሕዝብ 34 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከግማሽ በታች ነበር። ከነዚህ ሚሊዮኖች አንዱም «ገንዘብህን በታንክ እንለውጠው ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም። በማርች 1975 ሻህ የነበሩትን ፓርቲዎች አፍርሰው ራስታኺዝ የተባለ አንድ ፓርቲ ብቻ አቋቋሙ፤ ሳቫክ የተባለው የምስጢር ፖሊስም የሚናገረውን ሰው ያድን ነበር። በጀቱን የሚጠይቅ ሸንጎ፣ ውሉን የሚያትም ጋዜጣ አልነበረም። ድምፃቸውን ማሰማት የቻሉት በውጭ አገር የነበሩት የኢራን ተማሪዎች ነበሩ። እንደኛው በስደት ከተማ፣ እንደኛው በትንሽ መጽሔትና በአዳራሽ ስብሰባ ይጽፉና ይናገሩ ነበር። ሻህ በጁን 1967 ምዕራብ በርሊንን ሲጎበኙ ተማሪዎች ተቃውሞ አደረጉ፤ በዚያ ምሽት ቤኖ ኦኔዞርግ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። እነዚያ ተማሪዎች «ይህ መሣሪያ አገር አይጠብቅም» ሲሉ የሚሰማቸው ጥቂት ነበር።

በሻጭና በገዢ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እሱም ደላላው ነው። የውሉ ፈራሚ በእንግሊዝ በኩል ሚልባንክ ቴክኒካል ሰርቪስስ፣ በኋላም ኢንተርናሽናል ሚሊተሪ ሰርቪስስ የተባለ የመንግሥት ድርጅት ነበር። መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሲዋዋል ደላላ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በ1978 በለንደን አንድ የእንግሊዝ ሌተና ኮሎኔል ጉቦ በልተሃል ተብሎ በተከሰሰበትና በተፈረደበት ችሎት ላይ ነገሩ ተገለጠ። ሰር ሻፑር ሪፖርተር የተባሉ፣ ለሻህ ቅርብ የነበሩና እንግሊዝ በ1973 የሰርነት ማዕረግ የሰጠቻቸው ሰው ከታንኩ ሽያጭ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ኮሚሽን እንደተከፈላቸው በምስክር ቃል ተሰማ። ከፋዩም ያው የመንግሥቱ ድርጅት ነበር። ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? ከሻጩ ኪስ አልወጣም፤ ደላላ የሚበላው ሁልጊዜ ከዋጋው ውስጥ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ የኢራን ዘይት ነው። ሕዝቡ ሳያውቅ የገዛውን ታንክ ሳያውቅ ደግሞ የደላላውን ድርሻ ከፈለ።

ወገኖቼ፤ አሁን ገመዱ ወደ ተበጠሰበት ጊዜ ደርሰናል። በ1978 የኢራን ሕዝብ ተነሣ። በሴፕቴምበር 8 ቀን ቴህራን በጃሌህ አደባባይ ወታደሮች በሰልፈኛው ላይ ተኰሱ። የነዳጅ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ታንኮች በከተማው ጎዳና ወጡ። በጃኑዋሪ 16 ቀን 1979 ሻህ አገራቸውን ጥለው ሄዱ፤ በፌብሩዋሪ 11 ቀን የጦሩ አዛዦች ገለልተኛ መሆናቸውን አስታወቁ። ከሰባት መቶ የሚበልጥ ቺፍቴን የያዘ ጦር ዙፋኑን አንዲት ሳምንት እንኳ ሊያቈይ አልቻለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይህ ነው።

በዚያን ጊዜ ከሁለተኛው ውል ኢራን የተረከበችው 185 ተሽከርካሪ ብቻ ነበር። ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ተከፍሏል። በሊድስ ፋብሪካ ውስጥ ግማሽ የተሠሩ አንበሶች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ጌታ የላቸውም። ሠራተኛው ተጨነቀ። ሻጩ ምን አደረገ? ዮርዳኖስን ፈለገ። ሺር 1 ጥቂት ተለውጦ «ኻሊድ» ተባለና 274 ለዮርዳኖስ ተሸጠ። ሺር 2 ደግሞ ተሻሽሎ «ቻሌንጀር» ተባለ፤ በ1983 ለእንግሊዝ ጦር ራሱ ተሰጠ። እንግሊዝ ለራሷ ልትሠራው ታስብ የነበረውን ሌላ ታንክ በ1980 ሰርዛ የሻህን ታንክ ወሰደች። በ1991 ኩዌትን ለማስለቀቅ በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች የተዋጉበት ታንክ ይኸው ነበር። ከ1999 ጀምሮ ደግሞ አሮጌዎቹ ቻሌንጀሮች ወደ ዮርዳኖስ ተላለፉ። አንበሳው ሦስት ጊዜ ስሙን ለወጠ፤ የምርምሩን መጀመሪያ በዘይቱ የከፈለው የኢራን ገበሬ ግን አንዱንም አላየውም።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ተነሥቶ «ታዲያ አገር ያለ መሣሪያ ይጠበቃል ወይ?» ቢለኝ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንዲያውም የኢራን ታሪክ ራሱ ያነሣዋል። በሴፕቴምበር 22 ቀን 1980 የኢራቅ ጦር ኢራንን ወረረ። አገሪቱ በእውነት ተደፈረች፤ ታንክም በእውነት አስፈለገ። ቺፍቴኖቹም ተዋጉ። ይሁን እንጂ በጃኑዋሪ 1981 በሱሳንገርድ አካባቢ የኢራን የብረት ለበስ ጦር የመልሶ ማጥቃት ዘመቻ ሲያደርግ፣ እግረኛ ጦር በበቂ ሳያጅበው፣ በዝናብ በጨቀየ መሬት ላይ ገብቶ ተያዘ። በርካታ ቺፍቴኖች ተቃጠሉ፤ በርካቶቹም ሳይበላሹ በኢራቅ እጅ ወደቁ። ኢራቅም ከማረከቻቸው መካከል ለዮርዳኖስ ሰጠች። እንግዲህ ዮርዳኖስ ኻሊድን ከእንግሊዝ በገንዘብ ስትገዛ፣ የኢራንን ቺፍቴን ደግሞ ከኢራቅ በስጦታ አገኘች።

ለምን እንዲህ ሆነ? መድፉ ትንሽ፣ ብረቱም ስስ ስለሆነ አይደለም። መለዋወጫው የሚመጣው ከእንግሊዝ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። የሠለጠኑት መኮንኖች ከፊሉ ተሰደዋል፤ ከፊሉ ተባረዋል፤ ከፊሉ ተገድለዋል። ብዙ ሺህ ታንክ ለመያዝ የታሰበው ጦር ታንኩን የሚጠግን እጅ አነሰው። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ አገር ያለ መሣሪያ አይጠበቅም፤ ነገር ግን መሣሪያን ኀይል የሚያደርገው ጠጋኙና ሕዝቡ ነው። ሕዝቡን የሚፈራ መንግሥት የሚገዛው ታንክ ብዛቱ የሚለካው በጠላት ብዛት ሳይሆን በፍርሃቱና በኩራቱ መጠን ነው። እንዲህ ያለው ክምችት ጠላት በመጣ ቀን አይገኝም።

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። ኢራን «ገንዘቤን ከፍያለሁ፤ ዕቃው አልደረሰኝም፤ ስለዚህ ይመለስልኝ» አለች። ይህን ለመረዳት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፤ በመርካቶ ያለ ነጋዴ ሁሉ የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ክርክሩ ከዓመት ወደ ዓመት ተንከባለለ። ጉዳዩ በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኞች ፊት ቀርቦ በ2001 ለኢራን ተፈረደ። የእንግሊዙም ድርጅት በ2002 ከ380 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በፍርድ ቤት አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላም በይግባኝ፣ በወለድ መጠንና በአውሮጳ ማዕቀብ ምክንያት ገንዘቡ ሳይከፈል ቆየ። ድርጅቱ ንግዱን ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን ይህ ዕዳ ስላልተዘጋ ስሙ ከመዝገብ ሊፋቅ አልቻለም። ሻጩም በገመዱ ተጠለፈ ያልኋችሁ ይህን ነው።

በመጨረሻ ዋጋውን የከፈሉት እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ። በኤፕሪል 2016 የእንግሊዝም የኢራንም ዜግነት ያላት፣ ሕፃን ልጇን ይዛ ዘመዶቿን ልትጠይቅ የሄደች አንዲት የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ ቴህራን ላይ ታሰረች። በሚከተለው ዓመትም አንድ ሌላ የሁለት አገር ዜጋ ታሰረ። ሻህ 707 ታንክ ሲያዙ ሴቲቱ ገና አልተወለደችም። ሁለቱ መንግሥታት ለረጅም ጊዜ «እስራቱና ዕዳው አይገናኙም» ሲሉ ቆዩ። በማርች 16 ቀን 2022 ግን የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ 393.8 ሚሊዮን ፓውንድ ዕዳ መከፈሉን፣ ገንዘቡም ለሰብአዊ ርዳታ ዕቃ ብቻ እንዲውል ስምምነት መደረጉን ለፓርላማው አስታወቁ፤ በዚያው ቀን ሁለቱ እስረኞች ወደ ቤታቸው ተሳፈሩ። ሰውን በመንግሥታት ሒሳብ መካከል መያዣ ማድረግ የሚነቀፍ ሥራ ነው፤ ኢራንን ይህን ከማለት ማንም አይከለክለንም። የተፈረደበትን ዕዳ ሃያ ዓመት ያዘገየውንም ከነቀፋ የሚያድነው የለም። በሁለቱ መካከል አንዲት እናት ስድስት ዓመት ያህል ከልጇ ተለየች።

«ይህ የእንግሊዝና የኢራን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ የራሳችንን ታሪክ ያስታውስ። ኢትዮጵያ በ1953 ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ተፈራርማ አሥመራ ላይ የቃኘውን ጣቢያ ስትሰጥ በምላሹ መሣሪያና አሠልጣኝ አገኘች። ጦራችን ሃያ ዓመት በላይ የአሜሪካን መሣሪያ ለመደ። በ1977 በደርግና በአሜሪካ መካከል ጠብ ሲመጣ ጣቢያው ተዘጋ፤ መሣሪያውም ቆመ። ይህ የሆነው የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረበት በዚያው ዓመት ነው። በሶቪየት መሣሪያ የታጠቀችው ሶማሊያም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሶቪየቶችን አባረረችና የእሷም መለዋወጫ ቆመ። ሁለት ድኻ አገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ሻጫቸውን ተለዋወጡ፤ የሁለቱም ገመድ ሌላ ሰው እጅ ነበር። የሞተው ግን የእረኛውና የገበሬው ልጅ ነው።

ይህ ገመድ ሀብታሙንም አገር ያስራል። በጃኑዋሪ 2023 ፖላንድ ከጀርመን ያገኘቻቸውን ሊዮፓርድ ታንኮች ለዩክሬን ልስጥ ስትል የበርሊንን ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። ታንኩ በእጇ፣ ሾፌሩ ዜጋዋ፤ ነገር ግን ያለ ሠሪው ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም። ያችው ፖላንድ ቀደም ብላ በ2022 ከደቡብ ኮሪያ ጋር ስትዋዋል እስከ 1,000 ለሚደርሱ ኬ 2 ታንኮች መሠረት የሚሆን ስምምነት አድርጋ፣ የመጀመሪያዎቹን 180 ከኮሪያ ስታዝዝ ለቀሪዎቹ ግን ሥራው በአገሯ እንዲሆን ጠይቃለች። የገመዱን ጫፍ ወደ ራሷ ለመሳብ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለመጠየቅ ግን ፋብሪካና መሐንዲስ፣ ሒሳቡን የሚመረምርም ፓርላማ ያስፈልጋል። ታንክ ሰልፍ ላይ ለማሳየት ብቻ የሚፈልግ መንግሥት ይህን አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? በማንኛውም አገር እንዲህ ያለ ውል ሲነሣ አራት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ማን ተጠየቀ? ገንዘቡ የሕዝብ ከሆነ ዋጋው፣ ብዛቱና ምክንያቱ በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት መነበብ አለበት። ምስጢር ሊሆን የሚገባው የጦር ሜዳ ዕቅድ ነው እንጂ ደረሰኝ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ታንኩ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ከውሉ ጋር ትምህርት ቤት፣ የጥገና ፋብሪካና የአምስት ዓመት መለዋወጫ ካልመጣ የተገዛው ብረት እንጂ ኀይል አይደለም።

ሦስተኛ፤ ደላላው ማን ነው፤ ስንትስ ይበላል? መንግሥት ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ ስለተባለ ደላላ የለም ብለን እንዳንታለል።

አራተኛ፤ ነገ ሁለቱ መንግሥታት ቢለወጡ ወይም ቢጣሉ ገንዘቡ የት ይቀመጣል፤ ዳኛውስ ማን ነው? ዋጋውን አስቀድሞ ጠቅልሎ የሰጠ ገዢ ከሻጩ በጎ ፈቃድ በቀር የሚይዘው ነገር የለውም። ክፍያ ዕቃውን ተከትሎ መሄድ አለበት እንጂ ዕቃው ክፍያውን እየተከተለ መለመን የለበትም።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጄኔራል መሆን አያስፈልግም። በገዢው አገር ያለ ተማሪም፣ በሻጩ አገር ፋብሪካ የሚሠራ ሠራተኛም ሊጠይቃቸው ይችላል። የሊድስ ሠራተኛ የኢራን ገበሬ ጠላት አልነበረም፤ ልጆቹን ለማብላት ይሠራ ነበር። ነገር ግን እንጀራው በአንድ ንጉሥ ኩራት ላይ እንደተንጠለጠለ ማንም አልነገረውም፤ ንጉሡ ሲወድቅ ብቻ ዐወቀው። እኛ በነዚህ አገሮች የምንኖር ተማሪዎች የሁለቱንም ወገን ቋንቋ እንሰማለን፤ የሻጮቹን የፓርላማ መዝገብና የፍርድ ቤት ውሳኔ ማንበብ እንችላለን። በአገር ውስጥ ያለው ወገናችን ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ማኅበራችን በየከተማው ቅርንጫፍ ሦስትና አራት ሰው መርጦ፣ ለአካባቢያችን አገሮች የሚሸጠውን መሣሪያ ከታተሙት መዝገቦች እየለቀመ በአማርኛ በመጽሔታችን ላይ በየጊዜው እንዲያወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስድብና መፈክር አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ፣ ቀኑና የፈራሚው ሥልጣን ብቻ ይጻፍ። ሒሳብ በአደባባይ ከተነበበ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

የኢራን ተማሪዎች በጊዜያቸው ተናገሩ፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ያልሰሙትንም አልማረም። በሕዝብ ስም የሚፈረም ነገር ሁሉ ሳይፈረም በፊት ለሕዝብ እንዲነበብ ለመሥራት የዛሬው ስብሰባችን መነሻ ይሁን። በውይይቱ ሰዓት የምትቃወሙኝንም የምትደግፉኝንም ለመስማት ዝግጁ ነኝ።